ስለ ሰልፍና ስለ ትኬት

ብራይተን በእንግሊዝ አገር በደቡብ በኩል የምትገኝ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከሎንዶን ተነሥቶ በባቡር ለሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ትርቃለች። በዚች ከተማ በያመቱ በኦገስት መጀመሪያ፥ በኛ አቈጣጠር በሐምሌ መጨረሻ፥ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎችና ፆታቸውን የለወጡ ሰዎች ፕራይድ የሚባለውን በዓላቸውን ያከብራሉ። ሰልፉ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ከተማውን አቋርጦ ፕሬስተን ፓርክ ወደሚባለው ሰፊ መናፈሻ ይሄዳል። ከመናፈሻው ሲደርስ ግን አጥር ያገኛል፤ በአጥሩም በር ላይ ትኬት የሚጠይቅ ዘበኛ ቆሟል። የኔ ነገር ከዚያ በር ላይ ነው። በዓሉ ምን እንደ ነበረ፥ ምን እንደ ሆነ፥ እንዴትስ እንደ ሆነ እናገራለሁ፤ አጥሩና ሰልፉ በአንድ ስም መጠራት የለባቸውም ብዬም እከራከራለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አንዳንድ አንባቢ የነገሩን ስም ገና እንደ ሰማ «ይህ የኛ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ገጹን ይገለብጥ ይሆናል። ለሱ የምመልሰው አለኝ፤ ነገር ግን ታሪኩ ይቅደም።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ፕራይድ ማለት ኩራት ማለት ነው። በኛ ቋንቋ ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። ስለ አንድ ሰው «ኩራተኛ ነው» ያልን እንደ ሆነ ነቀፍነው፤ ስለ አንድ ሕዝብ «ኩሩ ሕዝብ ነው» ያልን እንደ ሆነ ግን አመሰገንነው። ልዩነቱ ወዴት ነው? ኩራተኛው ከሌላው በላይ ልቁም ይላል፤ ኩሩው ከሌላው በታች አልንበረከክም ይላል። ፕራይድን የጀመሩት ሰዎች በቃሉ የፈለጉት ሁለተኛውን ነው። የቃሉም ተቃራኒ በነሱ ዘንድ ትሕትና አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። ይህን ያልለየ ሰው ስለ በዓሉ የሚናገረው ሁሉ ከመነሻው ይጣመማል። ደግሞም ይህ አለመለየት በተቃዋሚዎቹ ዘንድ ብቻ አይደለም። በዓሉን በሚወዱትም ዘንድ ሁለቱ ተደባልቀዋል፤ የተሰበሰበውን ሰው ብዛትና የመጣውን ዘፋኝ ዝና እየቈጠሩ «ከሁሉ የበለጥነው እኛ ነን» ማለት ከኩሩነት ይልቅ ለኩራተኝነት ይቀርባልና።

ብራይተን ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ18ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ላይ ሪቻርድ ራስል የሚባል ሐኪም የባሕር ውሃ በሽታን ያድናል ብሎ ጻፈ፤ ሀብታሞችም ይህን አምነው መጡ። ኋላ ጆርጅ አራተኛ ተብሎ የነገሠው ልዑል፥ እንደ ልቡ የሚኖርበትን ስፍራ ፈልጎ፥ የሕንድ ሕንፃ የሚመስል ቤተ መንግሥት በዚያ አሠራ። በ1841 የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ደግሞ የሎንዶን ሠራተኛም ወደ ባሕሩ ዳር እየወረደ ይዝናና ጀመር። እንዲህ ያለች ከተማ የራስዋን ጠባይ ታወጣለች። የእንግዳ አገር ስለ ሆነች፥ ቤት የሚያከራየው ሰው ተከራዩን «የማን ልጅ ነህ? ሚስትህስ የታለች?» ብሎ አጥብቆ አይጠይቅም፤ ኪራዩ ከተከፈለው ይበቃዋል። ስለዚህ በተወለዱበት መንደር የጎረቤት ዓይን ያላስቀመጣቸው ሰዎች ወደዚያ መሰብሰባቸው የሚያስደንቅ አይደለም። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፥ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው የብራይተንና የሆቭ ነዋሪ ከመቶ 10.7 የሚሆነው የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ወይም እሱን የመሰለ ዝንባሌ እንዳለው ተናግሯል። በመላው እንግሊዝና ዌልስ ግን ቍጥሩ ከመቶ 3.2 ነው። ከከተሞቹና ከአውራጃዎቹ ሁሉ የበለጠው የብራይተን ነው።

ነገር ግን የማይጠይቅ ከተማ ሁሉ የሚቀበል ከተማ ነው ማለት አይደለም። እስከ 1967 ድረስ በእንግሊዝ አገር ከወንድ ጋራ የተገናኘ ወንድ ወኅኒ ይገባ ነበር። አላን ቱሪንግ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኖችን ምስጢራዊ ጽሕፈት በመፍታት አገሩን ያገለገለው የሒሳብ ሊቅ፥ በ1952 በዚሁ ሕግ ተፈርዶበት ከእስራት ይልቅ ፍትወትን የሚያጠፋ መድኃኒት እንዲሰጠው ተደረገ፤ በ1954 ሞተ። በ1967 የወጣው ሕግ የፈቀደው ደግሞ ከ21 ዓመት በላይ ለሆኑ ሁለት ወንዶች፥ በስውር ቦታ ሲሆን፥ በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ ነው። አንባቢ «በስውር» የሚለውን ቃል ልብ ይበል። ሕጉ ያለው «አትታዩ እንጂ ኑሩ» ነው። የብራይተን ነዋሪም በዚህ ውል ተስማምቶ የኖረ ብዙ ነበረ፤ መጋረጃው የተዘጋ የመጠጥ ቤት፥ ስሙን የማይናገር ወዳጅ፥ ለአሠሪው የሚነገር ሌላ ታሪክ።

ይህን ውል ያፈረሱት ጥቂቶች ናቸው። ከሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ የተነሣ የነጻነት ማኅበር በኦክቶበር 1972 በከተማው ውስጥ ተቃውሞ አሰማ፤ በጁላይ 1973 ደግሞ የመጀመሪያውን የብራይተን ፕራይድ ሰልፍ አደረገ። የሰልፈኛው ቍጥር ትንሽ ነበር። ለምን ትንሽ ሆነ ብሎ የሚስቅ ቢኖር ይህን ይወቅ፤ በዚያን ጊዜ አንድ አሠሪ ሠራተኛውን «ወንድ ትወዳለህ» ብሎ ቢያባርረው የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። እንዲህ ያለው ሕግ የወጣው በዲሴምበር 2003 ነው። ስለዚህ በ1973 በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ በቀን ብርሃን የሄደ ሰው፥ ሰኞ ማለዳ ሥራ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ የሄደ ነው። የዚያ ሰልፍ ዋጋ ይህ ነበር። ትኬት ባይኖረውም ነጻ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ በዓሉ ለብዙ ዓመት ተቋረጠ። እንደገና ያስነሣው ደስታ አይደለም፤ ሕግ ነው።

በ1987 ወይዘሮ ማርጋሬት ታቸር በብላክፑል፥ እሱም ሌላ የባሕር ዳር ከተማ ነው፥ ለፓርቲያቸው ጉባኤ ሲናገሩ፥ ልጆች ባህላዊውን ግብረ ገብ መማር ሲገባቸው እንዲህ ሆኖ መኖር መብታችሁ ነው እየተባሉ ይማራሉ ብለው አማረሩ። በተከታዩ ዓመት በሜይ ወር ክፍል 28 የተባለው ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። የሚለውም የከተማና የአውራጃ ምክር ቤቶች የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን እንዳያስፋፉ፥ እንዲህ ያለውም ኑሮ እንደ ቤተ ሰብ የሚቈጠር ነው ተብሎ በትምህርት ቤት እንዳይሰጥ ነው። በዚህ ሕግ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ስለ ፍርሃት አሠራር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅምና። ክፍል 28 አንድም ሰው አላሳሰረም። አንድም ምክር ቤት በፍርድ ቤት ተረትቶበት አያውቅም። እንግዲህ ምን ጐዳ ይባል ይሆናል። የጐዳው እንዲህ ነው። አንድ ልጅ በትምህርት ቤት ተሰድቦና ተደብድቦ ወደ መምህሩ ሲመጣ፥ መምህሩ «ብናገር ማስፋፋት ይባልብኝ ይሆን?» ብሎ ዝም አለ። የመጻሕፍት ቤት ሹም አንድ መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ጊዜ አሰበ፤ ሁለት ጊዜ ያሰበውም አልገዛም። ማንም ሳይከሰስ ሁሉም ራሱን ከሰሰ። ሕጉ የተሻረው በስኮትላንድ በ2000፥ በእንግሊዝና በዌልስ በኖቬምበር 2003 ነው። በነዚያ 15 ዓመቶች ውስጥ ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ ልጅ ስለ ራሱ ከመምህሩ አንድ ደግ ቃል ሳይሰማ አደገ።

ዝም ያላሉም ነበሩ። ሕጉ በሎርዶች ምክር ቤት በታየበት ቀን፥ በፌብሩዋሪ 1988፥ ጥቂት ሴቶች ከተመልካቾቹ ሰገነት ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ አስረው ወደ ምክር ቤቱ ወለል ወረዱ። ሕጉ ሊጸና አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ ቢቢሲ የማታውን ዜና ከሚያሰማበት ክፍል ሰብረው ገቡ፤ ዜና አንባቢዋ ግን ማንበብዋን አላቋረጠችም። (የእንግሊዞች ጠባይ ከዚህ በላይ ሊገለጽ አይችልም።) በብራይተንም ክፍል 28ን የሚቃወም ማኅበር ተቋቋመ፤ ሰልፍ ወጣ፥ ስብሰባ አደረገ። ከዚሁ ማኅበር ሥራ ነው በ1991 ፕራይድ እንደገና የተነሣው።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ነበር። ኤይድስ ወደ ከተማው ገብቶ ወጣቶቹን ይጨርስ ነበር። ከሆስፒታል ደጅ «ዘመድ ያልሆነ አይገባም» ተብለው የተመለሱ ወዳጆች ነበሩ፤ ሕግ ዘመድ አላላቸውምና። ልጃቸውን በሕይወቱ የሸሹ ወላጆች ለቀብሩ መጥተው፥ ያስታመመውን ሰው ከኋላ ያቆሙበት ጊዜም ነበረ። ስለዚህ ማስታመሙንም፥ መቅበሩንም፥ ማዘኑንም በራሳቸው ማኅበር ያደርጉት ጀመር። ለእኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ዕድር ነው። ሳሴክስ ቢከን የተባለው የሕሙማን ማረፊያ የተቋቋመው በዚሁ ዘመን ነው። በኬምፕታውን ሰፈር ባሕሩን በሚያይ አደባባይ ላይ፥ በ2009 የተመረቀ ሐውልት አለ፤ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ተጠማዝዘው የኤይድስን መታሰቢያ ጥብጣብ ሠርተው ይታያሉ። የበዓሉን ነገር ለማወቅ የፈለገ ሰው ወደ መናፈሻው ከመሄዱ አስቀድሞ ወደዚያ ይሂድ እላለሁ።

እንግዲህ በ1990ዎቹ ዓመቶች ሰልፉ ሲያድግ፥ መጨረሻውም ፕሬስተን ፓርክ ሲሆን፥ በሩ ክፍት ነበረ። ሰው ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ከሰልፉ ጋራ ይገባል፤ እናት ልጅዋን አዝላ፥ ሽማግሌ ውሻውን ስቦ ይገባል። ከፋይና ተመልካች የሚባል ልዩነት አልነበረም። ይህ ግን በነጻ የተገኘ ነገር አልነበረም፤ የጥበቃው፥ የጽዳቱ፥ የመድረኩ፥ የመድኅኑ ዋጋ በያመቱ እየከበደ ሄደ፤ ያዘጋጁት የነበሩትም በዕዳ ተጨነቁ። በ2011 መናፈሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ታጠረ፤ መግቢያውም በትኬት ሆነ። ዕዳው በዚህም አልለቀቀም፤ ከ2013 ጀምሮ ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ኩባንያ ሥራውን ያዘ። ከዚያ ወዲህ በዓሉ በገንዘብ በኩል ቆመ። በኬምፕታውን ያለው የመንገድ ግብዣም የክንድ ማሰሪያ ለገዛ ሰው ብቻ ሆነ። ዘፋኞቹም እየገነኑ ሄዱ፤ በ2018 ብሪትኒ ስፒርስ፥ በ2019 ካይሊ ሚኖግ፥ በ2022 ክርስቲና አጊሌራ፥ በ2025 ማራያ ኬሪ መጡ።

ከዓመቶቹ ውስጥ ሁለቱን አንባቢ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው። በ2003 የአገሩ ሕግ ለነዚህ ሰዎች ያጠረውን አጥር አፈረሰ፤ ክፍል 28 ተሻረ፥ ከሥራ ማባረሩም ተከለከለ። ከስምንት ዓመት በኋላ፥ በ2011፥ ሌላ አጥር ተሠራ፤ ይህኛውን የሠሩት ግን ራሳቸው ናቸው።

አጥሩን የሚደግፉት ሰዎች ክርክር አላቸው፤ ደካማም አይደለም። ይህን ሁሉ ሰው ያለ አጥር መጠበቅ አይቻልም ይላሉ። ያለ ትኬት የቀደመው በዓል በዕዳ ሊሞት ነበር ይላሉ፤ እውነት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከ2013 ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለከተማው የበጎ አድራጎት ማኅበሮች አስገኝተናል ይላሉ። ይህ ገንዘብ የታመመ ያስታምማል፥ ብቸኛውን ሽማግሌ ይጐበኛል፥ ከቤቱ የተባረረውን ልጅ ያስጠጋል። በዚህ ላይ የሚሳለቅ ሰው ልቡ ደንድኗል። እኔም አልሳለቅም።

ነገር ግን መልስ አለኝ። ዘፋኝ አምጥቶ፥ ትኬት ሸጦ፥ ትርፉን ለሕሙማን መስጠት መልካም ሥራ ነው፤ በማናቸውም ከተማ፥ በማናቸውም ቅዳሜ፥ በማናቸውም ስም ሊደረግ ይችላል። ለዚህ ሥራ ሰልፉን መበደር ለምን አስፈለገ? የሰልፉ ነገር አቤቱታ ነው። አቤት የሚል ሰው ድምፁን ይዞ ይመጣል እንጂ ዋጋ ከፍሎ አይገባም። የተቀላቀሉ እንደ ሆነ ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል። በሎንዶን የሚኖር ወጣት «ዘንድሮ ብራይተን ፕራይድ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የዘፋኙን ስም መጠየቁ ነው፤ የ1973ቱን ሰዎች ስም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሰልፉን ቆሞ ለማየት እስካሁን ክፍያ የለም፤ ይህን እመሰክራለሁ። ነገር ግን የሰልፉ መድረሻ የት ነው? አጥሩ ነው። አንድ መንገድ የሚታወቀው በመድረሻው ነው፤ መድረሻው የትኬት በር የሆነ ሰልፍ ለዘፈኑ ማስታወቂያ ይሆናል። በሰልፉም ውስጥ የባንኩና የሱቁ ምልክት ከሕሙማን ማኅበር ምልክት ፊት ፊት ሲሄድ ያየ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ክፍል 28 በነበረ ጊዜ ከነዚያ ባንኮች ስንቱ ለሰልፉ ጨርቅ ገዛ?

«ዕድርም እኮ ገንዘብ ይከፈልበታል» የሚለኝ አለ። ልክ ነው፥ ይከፈላል። ልዩነቱን ግን ተመልከቱ። የዕድርተኛ መዋጮ ነገ የጎረቤቱን ሬሳ ለመሸከም የገባው ቃል ነው፤ ከፍሎም ድንኳን ይተክላል፥ ወንበር ይሸከማል፥ ከሐዘንተኛው ጋራ ያመሻል። ደሃውም መክፈል ቢያቅተው ዕድርተኞቹ ይመክሩበታል እንጂ ሬሳው ከደጅ አይቀርም። ትኬት የገዛ ሰው ግን ዘፈኑን ሰምቶ ሲወጣ ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ለማንም ምንም ዕዳ የለበትም። ከአንዱ አባል ይወጣል፥ ከሌላው ደንበኛ።

ደግሞም የገንዘቡ ክርክር ራሱ ሲመረመር ይነቃል። የሕሙማን እንጀራ በአንድ ቅዳሜ ትኬት ላይ ከተንጠለጠለ፥ ቅዳሜው የቀረ ቀን ምን ይሆናል? ይህ ምኞት የወለደው ጥያቄ አይደለም። በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት በዓሉ ቀረ፤ ማራያ ኬሪም ልትመጣ የነበረው በ2020 ነበር። በነዚያ ዓመቶች ብቸኝነትና በሽታ ከምንጊዜውም የበዛበት፥ ርዳታም ከምንጊዜውም የተፈለገበት ጊዜ ነበረ፤ ትኬቱ ግን አልተሸጠም። ለአንድ ማኅበር ደኅንነት መሠረት የሚሆነው በወር በወሩ የሚሰጥ ጥቂት ገንዘብ ነው እንጂ ባመት አንድ ጊዜ የሚዘንም ዶፍ አይደለም። ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ስለ ብዛቱም አንድ ነገር ልጨምር። በ2018 ከብሪትኒ ስፒርስ ዘፈን በኋላ በባቡር ጣቢያው የተፈጠረው መጨናነቅ ብዙ ተወርቶለታል። በኦገስት 5 ቀን 2023 ደግሞ በባቡር ነጂዎች ክርክር ምክንያት ወደ ብራይተን ባቡር ሳይሄድ ዋለ፤ በዚያው ቀን አንቶኒ የተባለ ማዕበል ዝናብና ነፋስ አወረደ። ሰልፉ ግን ወጣ። ይህን ቀን ብዙዎች የክፉ ዕድል ቀን ይሉታል፤ እኔ ከመልካሞቹ እቈጥረዋለሁ። ባቡር ሳይኖር፥ ሰማዩም ሳይምር፥ ልብሱ በላዩ ላይ እየራሰ የሚሰለፍ ሰው ካለ፥ የበዓሉ ሥር ከዝና በታች ጠልቆ ገና አልደረቀም ማለት ነው።

ሥሩ ላለመድረቁ ሌላም ምስክር አለ፤ ሩቅም አይደለም፥ በዚያችው ከተማ ነው። በ2013፥ አዲሱ ኩባንያ ትልቁን በዓል በያዘበት ዓመት፥ ፆታቸውን የለወጡ ሰዎች ትራንስ ፕራይድ የሚባል የራሳቸውን በዓል በጁላይ ወር አቋቋሙ። በእንግሊዝ አገር የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ነው። የሚሠሩት በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው፤ መግቢያው ነጻ ነው፤ በትንሽ አደባባይ ተጀምሮ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሺሕ በሺሕ የሚወጣበት ሰልፍ ሆነ። አጥር ከሌለ በዓል የለም የሚሉኝን ሰዎች የምጠይቃቸው፥ ይህ እንዴት ቆመ ብዬ ነው። «ትንሽ ስለ ሆነ ነው» ይሉኛል። እኔም «ትንሽነት ምን ክፋት አለው?» እላቸዋለሁ። የ1973ቱም ትንሽ ነበር። አንድ ሰልፍ ስንት ሰው ሰበሰበ ተብሎ ይለካል ያለው ማን ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ተቃዋሚዬ፥ ገጹን ወደሚገለብጠው ወገኔ እመለሳለሁ። በኛ አገር በ1996 ዓ. ም. (ይህ በኛው አቈጣጠር ነው) የወጣው የወንጀል ሕግ በቍጥር 629 ይህን ግንኙነት ወንጀል አድርጎ ይቀጣል። እኔ ሰው ስለ ፍቅሩ ይታሰር ብዬ አላምንም፤ አንባቢ ከኔ ጋራ ባይስማማ በሌላ ጊዜ እንከራከራለን። እዚህ የምለው ግን ሌላ ነው። ከእንዲህ ያለው ሕግ ሸሽቶ ወደ እንግሊዝ አገር የገባ ሰው ቀድሞ «ወደ አገርህ ተመለስና ተደብቀህ ኑር፥ ያን ጊዜ የሚነካህ የለም» ይባል ነበር። በ2010 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከኢራንና ከካሜሩን በመጡ ሁለት ሰዎች ነገር ላይ ሲፈርድ፥ ሰውን በፍርሃት ተሸሸግ ብሎ መመለስ አይገባም አለ። ይህ ፍርድ የ1967ቱን «በስውር» የሚለውን ቃል የመሻር ያህል ነው። ሰልፉ በዳኛ አፍ ሲነገር እንዲህ ይሆናል።

እንግዲህ ያ ስደተኛ በአንድ የኦገስት ቅዳሜ ወደ ብራይተን መጣ እንበል። ከኢራን ይሁን፥ ከካሜሩን ይሁን፥ ወይም ቋንቋችንን የሚናገር ይሁን፥ ለክርክሬ አንድ ነው። በ2024 ጥገኝነት ጠይቆ ፍርዱን ለሚጠባበቅ ሰው ለምግቡም ለልብሱም ተብሎ የሚሰጠው በሳምንት 49.18 ፓውንድ ነበር። ከዚህ ላይ የትኬት ዋጋ አይወጣም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይደበቅ በቀን ብርሃን ሄዶ፥ ከሰልፉ ጋራ ከበሩ ሲደርስ፥ ዘበኛው በትሕትና ይመልሰዋል። የተመለሰው በፆታው አይደለም፥ በሃይማኖቱ አይደለም፥ በቀለሙም አይደለም፤ በኪሱ ነው። ዘበኛውም ጥፋት የለበትም፤ የታዘዘውን ይሠራል። በዓሉን ካስፈለጉት ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ሰው ነበር፤ አሁን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በጨርቁ ግድግዳ ላይ የሚመጣውን የዘፈን ድምፅ ይሰማል። የኛ ወገን ደግሞ ከአገሩ ሆኖ በስልኩ የሚያየው ሥዕል የትኛው ነው? ራቁት ደረት፥ የቢራ ጽዋና የዘፋኝ ልብስ ነው። «በዓላቸው ይኸው ነው» ይላል። የሕሙማኑን ማረፊያ፥ ሐውልቱን፥ የልብስ ማስጫውን ገመድ አላየም፤ ማን ያሳየው? ትኬት የሚሸጠው ኩባንያ እነሱን አያስተዋውቅም፤ አይሸጡምና።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ዘፈኑ ይቀጥል፤ ግን በሌላ ቅዳሜና በሌላ ስም ይሁን፥ ትርፉም እንደ ዛሬው ለማኅበሮቹ ይሰጥ። ሰልፉ በሚወጣበት ቀን ግን መናፈሻው አይታጠር። መድረክ ካስፈለገ ትንሽ መድረክ ይበቃል፤ በላዩም በ1973 የተሰለፈ በሕይወት ያለ ሰው ቢኖር እሱ ይናገር፥ በክፍል 28 ዘመን ዝም ያለ መምህርም ቢኖር ለምን ዝም እንዳለ ይናገር። ከሰልፉ ፊት የሚሄዱት አስታማሚዎቹ ይሁኑ፤ ባንኩ መምጣት ከፈለገ ምልክቱን ትቶ ከኋላ ይሰለፍ። የጥበቃውንና የጽዳቱን ዋጋ ማን ይከፍላል ለሚለኝ፥ በዚያ ሰሞን የአልጋ ኪራይ ከፍ የሚያደርጉት ሆቴሎችና እስከ ሌሊት የሚሸጡት መጠጥ ቤቶች አሉ፤ የከተማው ምክር ቤት እነሱን ጠርቶ ያነጋግራቸው። አንከፍልም ያሉ እንደ ሆነ ደግሞ ሰልፉ ከመናፈሻው ይቅርና ከተነሣበት፥ ከባሕሩ ዳር ይጨረስ። በዚያ ያለው ጠጠር ብቻ ነው፤ ጠጠሩን ያጠረው ማንም የለም።